አዲሱን ብቻ

ጋሊህ ያቺን ቃል የጻፋት ለአምባዛ ብሎ ነው። በኋላ ስንት ሰበብ ደረደረ! ማሽኑ አርጅቷል አለ፣ አቧራው ነው አለ፣ መብራቱ ነው አለ። እውነቱ ግን ይኸው ነው፤ እሁድ ጠዋት ከጃቫ ደሴቷ ከተማ ከሳላቲጋ ወጣ ብሎ ባለው ኩሬ የአምባዛ ማጥመድ ውድድር ነበር፣ ልቡም እዚያ ነበር።

የራሱ ኮምፒዩተር ላይ ቢጽፋት ማንም ከቁም ነገር አይቆጥራትም። የጻፋት ግን የፓክ ሃርጆኖ ኮምፒዩተር ላይ ነው።

በጃቫ ወንዱ ታላቅ 'ፓክ'፣ ሴቷ 'ቡ' ይባላሉ፤ ፓክ ሃርጆኖን ሳላቲጋ ውስጥ የማያውቅ የለም። ዕድሜያቸውን ሙሉ ሬዲዮ ላይ ዜና ያነበቡ፣ ቅዳሜና እሁድ ደግሞ በየሠርጉ ማይክ ይዘው ሙሽሮቹን በዚያ ወፍራም፣ ርጋታ በሞላው ድምፃቸው የሚመሩ ሰው ነበሩ። ከከተማው ሰው ግማሹ የተዳረው በእሳቸው ድምፅ ነው ቢባል ብዙም ማጋነን አይሆንም። ከዚያ ያ የቅርንፉድ ሲጋራ ጉሮሯቸውን በላው። ሐኪሞቹ ካንሰሩን ከነማንቁርታቸው ቆርጠው አወጡትና አንገታቸው ላይ መተንፈሻ ቀዳዳ ተዉላቸው። ሰውዬው ተረፉ፤ ድምፃቸው ሄደ።

ሄዶም ይቀር ነበር፣ ዳናንግ ባይኖር። ዳናንግና ጋሊህ የአንድ ሰፈር ልጆች ናቸው፤ ከፓክ ሃርጆኖ ልጅ ከራትሪ ጋር አብረው ያደጉ፣ የዚያን ቤት ሩዝ ከድስቱ እየዛቁ የበሉ። ሁለቱም ሊኑክስ በሚባለው የኮምፒዩተር ሲስተም ያበዱ ናቸው። ዳናንግ ከኦፕራሲዮኑ በፊት ፓክ ሃርጆኖን ስቱዲዮ አስገብቶ ለሳምንታት አስነበባቸው፤ ዓረፍተ ነገር፣ ከዚያ ቃል፣ ከዚያ ቁርጥራጭ ድምፅ። ያንን ቀድቶ ፕሮግራም ሠራ። ሰውዬው በኪቦርድ ይጽፋሉ፣ ቁልፍ ይጫናሉ፣ ስፒከሩ በገዛ ድምፃቸው ይናገርላቸዋል።

መጀመሪያ የተናገረው ምን መሰላችሁ? "ላስሚ፣ ሻዩ ስኳር የለውም።" ሚስታቸው ቡ ላስሚ ትሪውን ለቀው ቁጭ ብለው አለቀሱ። "ተመለሰ ነዝናዛው! እሰይ፣ ተመለሰ!" አሉ። ከዚያ ወዲህ ቤቱ ውስጥ ያ ድምፅ ዝም ብሎ አያውቅም። ጋሊህ በበሩ ብቅ ሲል ገና ጫማውን ሳያወልቅ "ያንን ጺም ወይ አሳድገው ወይ ቅበረው" ይለው ነበር ስፒከሩ፣ በዜና አንባቢ ቁም ነገር። 

ዳናንግ ከዚያ ሥራ አግኝቶ ባታም ደሴት ሄደ። በመርከብ ሲጓዝ ሻንጣውን ሰረቁት፤ የፕሮግራሙ ሶርስ ኮድ፣ ማለትም እሱ በእጁ የጻፈው ጽሑፍ ያለበት ዲስክ አብሮ ሄደ። እንግዲህ ያ ፕሮግራም የቀረው ፓክ ሃርጆኖ ማሽን ላይ፣ ተሠርቶ ያለቀው ብቻ ነው። ከፍቶ የሚጠግነው ሰው የለም፣ ራሱ ዳናንግም ቢሆን።

አሁን ስለ ቃሏ ልንገራችሁ፤ ትንሽ ታገሱኝ፣ ያለሱ አይሆንም። እነዚህ ልጆች የሚወዱት ሊኑክስ ተዘጋጅቶ የሚመጣውን ዓይነት አይደለም። ሶርስ ኮዱን ያወርዳሉ፣ አንዲት የምርጫ ፋይል ላይ ይሄ ይሁን ያ ይቅር እያሉ ቃላት ይደረድራሉ፣ ከዚያ ማሽኑ ሲያጓራ ውሎ ሲያጓራ አድሮ ወደሚሠራ ፕሮግራም ይቀይረዋል፣ ኮምፓይል ያደርገዋል። የኮኮናት ወተት በፓኬት እየተሸጠ ራሱ ካልፈቀፈቀና ካልጨመቀ የማይጥመው ሰው አለ አይደል? እንደዚያ ናቸው። ከምርጫዎቹ አንዱ ስለ ክር ነው። አንድ ፕሮግራም ብዙ ሥራ በአንዴ ሲይዝ በክሮች ይከፋፍለዋል፤ የፓክ ሃርጆኖ ፕሮግራም አንዱ ክሩ የተጻፈውን ያነባል፣ አንዱ ድምፁን ይገጣጥማል፣ አንዱ ወደ ስፒከሩ ይልካል። ክሮቹን የሚያስተዳድረው የሲስተሙ ክፍል፣ ላይብረሪ የሚሉት፣ በዚያን ጊዜ አሮጌና አዲስ ነበረው። በአሮጌው እያንዳንዱ ክር የራሱ ቁጥር ነበረው፤ በአዲሱ ሁሉም አንድ የጋራ ቁጥር ነው ያላቸው። የዳናንግ ክሮች ደግሞ በየቁጥራቸው ነበር የሚጠራሩት። በአዲሱ ላይ አንዱን "አንተ በቃህ" ሲሉት ሁሉም አብረው ይሞታሉ።

ሁለቱን ላይብረሪ ጎን ለጎን ማስቀመጥ ይቻላል። ግን ያንን ግዙፍ ነገር ሁለት ጊዜ ኮምፓይል ማድረግ ነው፤ በአሮጌ ማሽን አሥራ ሁለት ሰዓት ያህል ይፈጃል። "አዲሱን ብቻ" የምትለዋን ቃል የጻፈ በግማሹ ይገላገላል።

ዳናንግ ወደ ባታም ሊሄድ አውቶቡስ ተራ ላይ ቆመው ሳለ ተናግሮት ነበር። "ስማ፣ የፓክን ማሽን ስትነካ ሁለቱንም ተው። የኔ ነገር አሮጌውን ብቻ ነው የሚያውቀው። ብትረሳ መጥቼ አንቄ ነው የምገድልህ።"

"ባክህ ግባ፣ አውቶቡሱ ጥሎህ ሊሄድ ነው" አለው ጋሊህ።

ረስቶ ነበር ብንል ደግ ነበር። አልረሳም።

የራትሪ ሠርግ ሊደርስ ሲል ነው ነገሩ የመጣው። በእነሱ አገር ደንብ ሙሽሪት ኒካሁ ከመታሰሩ በፊት በሰው ፊት አባቷ እግር ሥር ተንበርክካ እንዲድሯት ትጠይቃለች፤ አባትም ይመልሳሉ። ኒካሁን ቃዲው ወክለው ያስሩታል፣ ሕጉም ይፈቅዳል፤ ለዚያ ፓክ ሃርጆኖ በጽሑፍ ፈርመዋል። መልሱን ግን በድምፃቸው ሊሰጡ ነበር። የስንቱን ልጅ ሠርግ የመራ ድምፅ ለገዛ ልጁ ሊናገር ነው እኮ! ሰውዬው መልሷን ሲጽፉ ሲሰርዙ፣ እያስነገሩ ሲያደምጡ፣ ቡ ላስሚን ኩሽና ድረስ እየተጣሩ "ይሄኛው ይሻላል?" ሲሉ ከረሙ።

ራትሪ ጋሊህን ጠራችው። "ማሽኑን አንድ እየው እስቲ። በዕለቱ እንዳያዋርደን፣ አቧራውን ጥረግለት።"

አቧራ ጥረግ ነው የተባለው። እሱ ግን የሠፈሩ የሊኑክስ ልጆች አለቃ ነኝ ባይ ነው፤ አሮጌ ነገር አይቶ ማለፍ አይሆንለትም። ቅዳሜ ከሰዓት የቡ ላስሚን ቴምፔ፣ የአኩሪ አተር ጥብሱን፣ እየበላ ሲስተሙን በሙሉ ማደስ ጀመረ። የክሩ ላይብረሪ ላይ ሲደርስ ሰዓቱን አየ። ሁለቱንም ካለ ነገም እዚህ ሊቀመጥ ነው፣ አምባዛው ሊቀር ነው። የዳናንግ ነገር በጆሮው ሽው አለ። 'እሱ ደግሞ ሲያካብድ፤ በአዲሱም ይሠራል' አለ በሆዱ። ጻፈ። አዲሱን ብቻ። "ፓክ፣ እስክመለስ እንዳይነኩት እሺ?" ብሎ ወጣ። እሁድ ኩሬው ዳር ሲጠበስ ዋለ፣ አንድም አምባዛ አልያዘም። ከዚያም የገዛ ኢንተርኔት ቤቱ ሥራ ያዘውና የተመለሰው ሐሙስ ነው፤ ሠርጉ እሁድ።

ፓክ ሃርጆኖ ለቀናት በትንሽ ሰሌዳ ላይ ሲጽፉ ሰንብተው ነበርና ማሽኑ ሲከፈት እንደ ልጅ ተቁነጠነጡ። ጻፉ፣ ተጫኑ።

"ላ" አለ ስፒከሩ። ዝም።

እንደገና ተጫኑ። "ላ።" ፕሮግራሙ እንደገና ተከፈተ፣ እንደገና ተጫኑ። "ላ።" ቡ ላስሚ ከኩሽና "አቤት፣ መጣሁ፣ ምነው?" እያሉ መጡ። ሰውዬው እጃቸውን ከኪቦርዱ አንስተው ጉልበታቸው ላይ አኖሩት። ለጋሊህ ምን እንደሆነ ወዲያው ገብቶታል፤ ለማወቅ ምንም መንካት አላስፈለገውም።

"ምን ሆነ?" አለች ራትሪ። እጇ ለሠርጉ በሂና አጊጧል፤ አንስታ ይዛዋለች እንዳይነካካባት።

እዚህ ጋ ነው እንግዲህ። አንድ ትንፋሽ ነበር የሚበቃው። እኔ ነኝ፣ ቸኩዬ ነው፣ ዛሬውኑ እጀምረዋለሁ ቢል ማታ ተጀምሮ ቅዳሜ ሳይደርስ ያልቅ ነበር። እሱ ግን ዓይኑን በጨው አጥቦ፣ "የዳናንግ ፕሮግራም ነው" አለ። "ያኔም በጥድፊያ ነው የሠራው። እንዲህ ያለ ነገር ሲቆይ ይበሰብሳል።"

"ፕሮግራም ይበሰብሳል?" አሉ ቡ ላስሚ።

"አዎ፣ ቡ፤ በደንብ ያልተሠራ ይበሰብሳል።"

ወይ ጉድ! ሰው ወዳጁን እንዲህ ይሸጣል? ራትሪ ስልኳን አንስታ እዚያው ቆማ ደወለች። ጋሊህ እየሰማ ነው። "ዳናንግ፣ ያ የሠራኸው ነገር በሰበሰ። እሁድ ነው ሠርጌ። አባቴን ሁለተኛ ጊዜ አፉን ዘጋህበት፣ ይኸው ነው የምልህ።" ከዚያ አደመጠች፤ ስልኩን ዘጋችና "እመጣለሁ አለ" አለች፣ ማልቀስ እየጀመራት።

ጋሊህ ያን ማታ ሞተር ሳይክሉን አስነስቶ ጓደኞቹን ቤት ለቤት ዞረ፤ አሮጌውን ላይብረሪ ያስቀመጠ ካለ ሊቀዳ። አንድም የለም። ኡንቱንግ የሚባለው ጭራሽ ሳቀበት። "አንተ አይደለህ እንዴ 'አሮጌውን ያስቀመጠ ጎሽ ጠምዶ ይረስ' ብለህ ያስጣልከን? ምነው፣ እርሻ ልትጀምር ነው?" ከሌላ ዓይነት ሊኑክስ ቆርሶ ያመጣው ደግሞ ከማሽኑ ጋር አልስማማ አለ። ታዲያ አርብ ዕለት ራሱ ኮምፓይሉን ለምን አልጀመረም? ፈራ። እሱ አስተካክሎት ከሠራ ፕሮግራሙ አልበሰበሰም ማለት ነዋ። ምንድነው የተበላሸው ብለው ይጠይቁታል። ዳናንግ ይምጣ አለ፣ እሱ ያየዋል አለ፣ ቀኑን ሙሉ የኢንተርኔት ቤቱ ውስጥ የሰው ሒሳብ እያሳሳተ ዋለ።

ዳናንግ ቅዳሜ ረፋድ ላይ ደረሰ፤ አውሮፕላኑም አውቶቡሱም ፊቱ ላይ ይታያል። ለቡ ላስሚ ከባታም ኬክ ይዞላቸው መጥቷል። ተቀብለው ሳይከፍቱ መደርደሪያ ላይ አኖሩት፤ በዚያ ቤት ይህ ትልቅ ስድብ ነው። ልጁ አንገቱን ደፍቶ ማሽኑ ጋ ተቀመጠ። "ላ" አለ ስፒከሩ፣ ሞተ። ዳናንግ ጥቂት ነገር ጻፈ፤ አሮጌውን ላይብረሪ ፈልግልኝ ብሎ ማሽኑን ጠየቀው። ማሽኑ የለም አለው። ዞር ብሎ ጋሊህን አየው።

"ና እስቲ ውጭ።"

ጓሮ፣ ማንጎው ሥር ቆሙ። ድንኳን ተካዮች ብረት እየወረወሩ ይጮኻሉ።

"'አዲሱን ብቻ' ብለሃል?"

"ዳናንግ፣ እኔ እኮ..."

"ብለሃል ወይስ አላልክም?"

"ብያለሁ።"

"መንገዱን ሙሉ ምን ሳስብ እንደመጣሁ ታውቃለህ? የት ጋ ነው የሳትኩት፣ የቱን ክር ነው ያበላሸሁት እያልኩ። ራትሪ አፉን ዘጋህበት ስትለኝ እኮ አምኛት ነው። አልቅሻለሁ፣ ሰምተሃል? ከጎኔ የተቀመጠችው ሴትዮ መሐረብ ሰጠችኝ።"

"እነግራቸዋለሁ። ሠርጉ ብቻ ይለፍ፣ በሞትኩት።"

"እኔ አልናገርም፤ የኔ አይደለማ። አንተ ነህ የምትናገረው።" አፍንጫውን በእጁ ጠረገ። "አሁን ጊዜ የለንም። ቃሏን እናወጣና ሁለቱንም እንደገና። እዚህ ግን አይሆንም፤ ይሄ ሁሉ መብራትና ድምፅ ማጉያ እየተሰካ ብሬከሩ አንዴ ከወረደ ከዜሮ ነው የምንጀምረው። አንተ ኢንተርኔት ሱቅ እንውሰደው።"

ልክ ነበር። የዚያ ሰፈር ቤቶች መብራት ትንሽ ከበዛበት ብሬከሩ ቷ ብሎ ይወርዳል፤ ማንም ያውቀዋል። ዳናንግ ማሽኑን ነቅሎ አቅፎ ሳሎን ሲያቋርጥ ቡ ላስሚ በሩ ላይ ቆሙበት።

"ወዴት ነው?"

"ጋሊህ ሱቅ፣ ቡ። እዚያ መብራቱ ደህና ነው።"

"አይሄድም።"

"ቡ፣ እዚህ ከሆነ..."

"አንተ ልጅ፣ አንዴ የበሰበሰ ነገር ሰጥተኸናል። አሁን ደግሞ ይዘኸው ልትጠፋ? ባሌ እስኪናገር ድረስ ይሄ ማሽን ከዚህ ቤት አንዲት ጋት አይነቃነቅም። መልሰው!"

ዳናንግ ጋሊህን አየው። አንድ ጊዜ ብቻ፣ ሳይቆጣ። ጋሊህ አፉን ከፈተ። ራትሪ እዚያ ናት፣ አክስቶቿ እዚያ ናቸው፣ ሽንኩርት የሚልጡት ጎረቤቶች ቢላቸውን አቁመው እያዩ ነው። ፓክ ሃርጆኖ ጥግ ላይ ሰሌዳቸውን ጭናቸው ላይ አድርገው ተቀምጠዋል። "እ... እዚሁ ይሁን፣ ምንም አይደል" አለ በመጨረሻ። ዳናንግ ማሽኑን መለሰው። ቃሏን አጠፉ፤ ኮምፓይሉ ተጀመረ።

ማታ ድምፅ ማጉያው ሲሞከር ብሬከሩ ወረደ። ከዜሮ ጀመሩ። ሊነጋጋ ሲል ደግሞ ሴቶቹ ሦስተኛውን የሩዝ ማብሰያ ሰኩ፤ ቷ! ቤቱ ጨለመ፣ ማሽኑ ፀጥ አለ። ዳናንግ ወለሉ ላይ እንደተቀመጠ ግንባሩን ጉልበቱ ላይ ደፋ። ቡ ላስሚ ሻማ ይዘው መጥተው አዩት፤ ለረጅም ጊዜ አዩት። "ውሰዱት" አሉ በቀጭን ድምፅ። "ወደምትሉት ውሰዱት።" ጋሊህ ማሽኑን ከሞተሩ ኋላ በገመድ አስሮ በረረ። ሱቁ ውስጥ ሰክቶ አስነሳው። ትናንት ረፋድ እዚህ መጥቶ ቢሆን ኖሮ ይሄኔ አልቆ ነበር። ያንን ሒሳብ ጭንቅላቱ እምቢ እያለው ደጋግሞ ሠራው፤ ሁልጊዜ የሚመጣለት መልስ አንድ ነው።

ዳናንግ ማሽኑን ሊጠብቅ ሱቁ ውስጥ ቀረ። "አንተ ሂድ" አለው፣ "ሂድና እየው።"

ጋሊህ የሠርጉ ቤት ደረሰና የራስ ቁሩን እንደያዘ በሩ አጠገብ ቆመ። ራትሪ በጃቫ ሙሽራ ደንብ ግንባሯ በጥቁር ቀለም ተጊጦ፣ አበባው ከጆሮዋ እስከ ደረቷ ወርዶ፣ አባቷ እግር ሥር ተንበረከከች። ማይኩን ሰጧት።

"አባዬ" አለች። "ከልጅነቴ ጀምሮ ላጠፋሁት ሁሉ ይቅርታ እጠይቃለሁ። ዛሬ ከመረጥኩት ሰው ጋር እንዲድሩኝ ፈቃድዎን እጠይቃለሁ።" ልማድ ሆኖባት ማይኩን ወደ አባቷ አፍ አቀረበችው።

ፓክ ሃርጆኖም ልማድ ሆኖባቸው አፋቸውን ከፈቱ።

ከአንገታቸው፣ ከባለጌጡ የባቲክ ሸሚዛቸው ኮሌታ ሥር፣ አየር ብቻ ወጣ። ማይኩ ያንን አየር ተቀብሎ ድንኳኑን ሞላው። ሰው ሁሉ ሰማው። ራትሪ ማይኩን ቶሎ መልሳ ደረቷ ላይ ለጠፈችው። ቃዲው ጎንበስ ብለው "ጽፈውት ከሆነ እኔ ላንብብልዎ?" አሉ፤ ወረቀቱ ኪሳቸው ውስጥ ነበር፣ ግን ሰውዬው በእጃቸው እምቢ አሉ። ራሳቸውን በእሺታ ነቀነቁ፣ አንዴ፣ ሁለቴ፤ እጃቸውን የልጃቸው ራስ ላይ አደረጉ፣ አበባዋ ተጣመመ። "ነቅንቀዋል፣ ይበቃል" አሉ ቃዲው ለስለስ ብለው፣ ኒካሁም ታሰረ። ጋሊህ መሬት ተሰንጥቃ ብትውጠው ደስ ባለው። አልዋጠችውም። ቆሞ አየ፣ እስከ መጨረሻው።

ኮምፓይሉ ያለቀው ከሰዓት በኋላ ነው። ማሽኑን ይዘው ሲመለሱ ወንበር እየተደራረበ ነው፣ ድንኳኑ ግማሹ ወርዷል። ራትሪ ሳሎን ወለሉ ላይ ተቀምጣ የግንባሯን ቀለም በዘይት እያስለቀቀች ነው፤ ግማሹ ለቆ ግማሹ ቀርቷል። ባሏ ጫማ ሳያደርግ ከጎኗ ሻይ ይጠጣል። ዳናንግ ሰካው፣ አስነሳው፣ ኪቦርዱን ለፓክ ሃርጆኖ አቀረበና ወደ ግድግዳው ሸሸ።

ሰውዬው አንዲት ቁልፍ ተጫኑ። ተዘጋጅቶ የነበረው ነው።

"ልጄ ራትሪ" አለ ያ ድምፅ፣ ሙሉ ሆኖ፣ ሳይቆረጥ። ኩሽና ውስጥ ሳህን የሚያጥቡት ሁሉ ወደ በሩ ብቅ አሉ። "በደልሽ ካለ ይቅር ብያለሁ፤ የኔን ይቅር በይኝ። በሙሉ ልቤ ፈቅጄልሻለሁ። በደስታ ሂጂ፣ ቤታችን ያንቺ እንደሆነ ይኖራል።"

"አባዬ፣ ተድሬ አበቃሁ እኮ" አለች ራትሪ፤ ሳቀችና ሳቋ መሀል ላይ ተሰበረ፣ ጥቁሩ ቀለም ከእንባዋ ጋር ጉንጯ ላይ ወረደ። "ጠዋት ነበር የፈለግሁት። ጠዋት።"

ፓክ ሃርጆኖ ከዚያ ጻፉ። "ዳናንግ፣ ና ልጄ። ሰው ይሳሳታል። ከባታም ድረስ መጥተህ ስህተትህን አስተካክለሃል፤ ይቅር ብዬሃለሁ። ላስሚም ይቅር ብላሃለች፣ ኬኩንም ትበላዋለች።" ሰው ሳቀ። ዳናንግ በጉልበቱ ሄዶ የሰውዬውን እጅ ይዞ ግንባሩ ላይ አደረገው። ላላጠፋው ጥፋት የተሰጠውን ይቅርታ በሁለት እጁ ተቀበለና ጎንበስ እንዳለ ቀረ። "ጋሊህ ደግሞ" ቀጠለ ድምፁ፣ "ሌሊቱን ሙሉ አልተኛህም። አንተ ባትኖር ምን ይውጠን ነበር።"

"እኔ ነኝ" አለ ጋሊህ።

ማንም አልገባውም። ቡ ላስሚ "ምኑ ነህ?" አሉ እየሳቁ።

"ያበላሸሁት እኔ ነኝ። የዳናንግ ፕሮግራም ምንም አልሆነም፣ አልበሰበሰም። አሮጌውን እንዳልነካ ነግሮኝ ነበር። አሳ ለማጥመድ ቸኩዬ... ቶሎ እንዲያልቅልኝ አጠፋሁት። ሐሙስ ዕለት ወዲያው አውቄዋለሁ። ዋሸሁ። ትናንት እሱ ማሽኑ ወደ ሱቅ ይሂድ ሲልም ዝም አልኩ።"

ቡ ላስሚ እጃቸውን አፋቸው ላይ ጫኑ፤ ከዚያ ቀስ ብለው ሄደው ዳናንግ አጠገብ ወለሉ ላይ ተቀመጡ። ራትሪ ዘይት ያለበትን ጨርቅ እንደያዘች ጋሊህን ታየዋለች።

"ጠዋት በሩ ጋ ቆመህ ነበር" አለች። "አይቼሃለሁ። አዝኖልን ነው ብዬ... እያወቅህ ነው የቆምከው?"

"አዎ።"

ፓክ ሃርጆኖ መጻፍ ጀመሩ። ብዙ ጻፉ። ጣታቸው ቁልፎቹ ላይ ሲወድቅ ብቻ ነው የሚሰማው፤ ጋሊህ ስድቡም ይምጣ፣ እርግማኑም ይምጣ ብሎ ጠበቀ። ሰውዬው የጻፉትን ካዩ በኋላ የማጥፊያውን ቁልፍ ተጭነው ያዙት። መስመሩ ከኋላው እየተበላ፣ እየተበላ ሄዶ ባዶ ሆነ። እንደገና ጻፉ፤ አሁን አጭር ነው።

በዚያ አገር ድግስ ሲደገስ የቤቱ ሰውና ረዳቱ የሚበላው ኩሽና ነው፣ ከድስቱ፣ ቁጭ ብሎ። ለእንግዳ ደግሞ ሲወጣ በካርቶን የታሸገ ሩዝና ዶሮ በእጁ ይሰጠዋል። ጋሊህ በዚያ ቤት ካርቶን ተቀብሎ አያውቅም።

"ራትሪ" አለ ድምፁ፤ ያ ሰው ሁሉ የሚያውቀው፣ የሠርግ ቤቱ፣ ጨዋው ድምፅ። "እንግዳው መሄዳቸው ነው። ካርቶን ስጪያቸው።"

ራትሪ ተነሳች። እጇን ጠረገች፤ በሩ አጠገብ ከተደረደሩት አንዱን አነሳችና አመጣችለት። ጋሊህ በሁለት እጁ ተቀበለ፣ አመሰግናለሁ አለ፣ ጫማውንም ደጅ ላይ ፈልጎ አደረገ። ከኋላው ስፒከሩ እንደገና ሲናገር ሰማ፤ ዳናንግን ምሳ በላህ ወይ እያለው ነበር።